የይመር ክኒን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ኦስሎ ውስጥ አመሩድ በሚባለው ሰፈር ግን፣ የመድኃኒትን ስም የሚያወጡት ጋሽ ተክለሃይማኖት ነበሩ። መልአኩ ቢቀየም አይፈረድበትም፤ ማንም ሳይሾማቸው ነው ቦታውን የያዙት።

በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል አጥበዋል፣ መርፌ ወግተዋል፣ ሐኪም በጠፋ ቀን ሐኪም ሆነው አድረዋል። ኦስሎ ሲመጡ ያ ሁሉ ሙያ ብሪን አካባቢ ባለ አንድ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ ማጠፍ ሆኖ ቀረ። ጡረታ ሲወጡ ግን ሰው ያስታወሰላቸው አንሶላውን ሳይሆን ድሬሰርነቱን ነው። በየብሎኩ ያለው የአገር ሰው፣ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም፣ የመድኃኒት ከረጢቱን አንጠልጥሎ በራቸውን ያንኳኳ ጀመር።

የሁሉም ችግር አንድ ነበር፤ ስም። አፖቴክ፣ ማለትም መድኃኒት ቤቱ፣ ባለፈው የሰጠው ካርቶን ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ቢጫ ሆኗል፤ የተጻፈበትም ስም ሌላ ነው። "ያው ነው" ትላለች ነጭ ካፖርት የለበሰችው ልጅ፤ "ውስጡ አንድ ነው፤ ረከስ ያለው ይሰጥ ብሎ መንግሥት አዟል።" ይህን ለአሮጊት መናገር ልጅሽን ወስዶ፣ ሌላ ልጅ አምጥቶ፣ "ያው ልጅ ነው" እንደማለት ነው። አንዳንዱ ሁለቱንም ይውጣል። አንዳንዱ ሁለቱንም ይተዋል።

ጋሽ ተክሌ መላ አመጡ። መድኃኒቱን ከመካከላቸው መጀመሪያ በታዘዘለት ሰው ስም ጠሩት። አገር ቤት ጉድጓድ በቆፋሪው፣ መሸጋገሪያ በአሻጋሪው ይጠራ የለ? "የማያውቁት ስም አፍ ላይ አይቆምም፤ የምታውቁት ሰው ግን አይጠፋችሁም" አሉ። እንዲህ ሆኖ የደም ግፊቱ ክኒን የኣርኣያ ሆነ። ሽንት የሚያሸናው የወይዘሮ ወለተማርያም ሆነ፤ ወይዘሮ ወለተማርያም ለዚህ ክብር እስካሁን አላመሰገኑም። ደም የሚያቀጥነው የይመር ሆነ። ጋሽ ተክሌ ነጭ የቁስል ፕላስተር ቆርጠው፣ በእስክሪብቶ ጽፈው፣ በፋብሪካው ስም ላይ ይለጥፉበታል። አፖቴክ የፈለገውን ይበል፤ ካርቶኑ አመሩድ ሲደርስ ክርስትና ይነሣል።

"ጠዋት ጠዋት ግማሹ አመሩድ እኔን እየዋጠ ነው የሚነሣው" ይል ነበር ኣርኣያ። "ጥርስ የሌላችሁ ሁሉ።"

ይመር ደግሞ በነገሩ የምር ኮራ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ፣ ከዚያ በፊት ደሴ ላይ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ በስሙ የተጠራ ነገር ኖሮት አያውቅም። "ሌላው ሐውልት ይቆምለታል፤ ለኔ ክኒን ቆመልኝ" አለ። ሁሉም ሳቀ። ሚስቱ ጌጤ አልሳቀችም።

ከይመር ቀጥላ ያንን ክኒን የታዘዘላት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናት። ከጋሽ ተክሌ ቤት አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ብቻዋን ትኖራለች። በአንድ ክረምት ቡና ቤት ቁጭ ብላ ስታወራ አፏ ወደ ጎን ሄደ፤ የያዘችውም ብርጭቆ ወደቀ። ልቧ ያለ ሥርዓት ይመታል፣ ደሟ ልቧ ውስጥ ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል ተባለ። አፏ ተመለሰ። ሐኪሙ ግን ሲያሰናብታት ክኒኑን ዕድሜ ልክ እንደምትውጥ፣ ካቋረጠች ዳግመኛ እንደሚመታት፣ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው እንደማይምራት ነገራት። ጋሽ ተክሌ ካርቶኑን ተቀብለው "የይመር" ብለው ለጠፉበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዘልላው አታውቅም።

የሮማነወርቅ ልጅ ማርያ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ ፋርማሲ ተምራ፣ ፕሪንስዳል የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሥራዋ ከአመሩድ በእግር በሚደረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ የአገሩ መድኃኒት ሁሉ የሚፈቀድበት። አንድ እሑድ እናቷ ቤት ምሳ በልታ ካርቶኑን አየችው።

"ጋሼ ተክሌ፣ ይሄን የለጠፍከው አንተ ነህ?"

አጠገባቸው ነበር የተቀመጠችው። "አንተ" መባሉን ጋሽ ተክሌ ከለመዱት ቆይተዋል፤ ከንጉሡ በቀር ሁሉም "አንተ" በሆነበት አገር ነው ያደገችው።

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"ከሥሩ ያለው ስም እኮ የተፈቀደ ስም ነው። ሸፈንከው።"

"ማን ነው የፈቀደው?"

"እኛ።"

"እናንተ ማናችሁ?"

"ክፍላችን። ፋብሪካው ስም ይዞ ይመጣል፤ እኛ ቁጭ ብለን እንመረምራለን። ከሌላ መድኃኒት ጋር በጽሑፍ ወይም በድምፅ ከተመሳሰለ፣ ናይ፣ አይሆንም። አድናለሁ ብሎ የሚፎክር ከሆነ፣ ናይ። በሽተኛውን የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ ናይ።"

"ታዲያ ምን ይተርፋል?"

"ምንም የማይል ስም። የሚሻለው እሱ ነው።"

"ምንም የማይል ስም ለመፈለግ ደሞዝ ይከፍሉሻል?"

"ያ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

"በየወሩ?"

"በየወሩ።"

ጋሽ ተክሌ ወደ እናቲቱ ዞሩ። "ሮማን፣ ልጅሽ ተሳክቶላታል።"

ማርያ ሳቀች። ፕላስተሩን ልትልጠው ግን ጥፍሯን አስገባች። እናቷ እጇን ያዘቻት። "ተይው። በሱ ነው የማውቀው።" ማርያ ካርቶኑን ገልብጣ አየች፤ ክኒኑ በቀኑ ልክ ጎድሏል፤ አልተዛነፈም። ተወችው።

በዚያው ዓመት፣ የዓለም ባንኮች በየተራ ሲወድቁ ኣርኣያ ባንክ ያስቀመጠው ያለ ይመስል ዜና ሲከታተል በነበረበት ወቅት፣ ይመር ሞተ። ቆሽቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ከተገኘ በኋላም ጊዜ አልሰጠውም። ደም አቅጣኙ ምንም አላጠፋም፤ እስከ መጨረሻው ሥራውን ሠርቷል።

ቀብሩ ላይ ዘነበ። የኖርዌይ መቃብር ቀጠሮ አለው፤ ከኛ በኋላ ሌላ ሟች ተራ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሙሾውም ቶሎ ቶሎ ተባለ። ጌጤ አፈሩ ሲመለስ ወደ ጉድጓዱ አዘነበለች። ሮማነወርቅ ነበረች ከጎኗ ሆና ደግፋ የያዘቻት። ጋሽ ተክሌ ከይመር ጋር እንደ ወንድም ስለነበሩ ለቅሶ ቤት ከበሩ ሥር ተቀምጠው እንግዳ ተቀበሉ፤ እስከ አርባው ድረስ ስለ መድኃኒት አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። ይህን የሐዘን ጨዋነት አድርገው ወሰዱት።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሮማነወርቅ ሊፍት ውስጥ አገኘቻቸው።

"ጋሼ ተክሌ፣ ይሄ ሐኪም አበዛውሳ።"

"ምኑን?"

"የ..." አለችና ቆመች። "ክኒኑን ነዋ። በፊት አንድ ነበር። ከዚያ አንድ ተኩል አለኝ። አሁን ደግሞ ሁለት። ደምሽ ወፍሯል ይለኛል፣ በለካኝ ቁጥር።"

ጋሽ ተክሌ የሰሙት "ሁለት" ያለችውን ሳይሆን "የ" ብላ የቆመችበትን ነው። በፎቃቸው አልወረዱም፤ አብረዋት ወጡ።

ካርቶኑ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጨውና ከበርበሬው ጀርባ ተገፍቶ ነበር። አወጡት። ነቀነቁት። የድሬሰር እጅ ሙሉ ካርቶንና ጎዶሎ ካርቶን ለመለየት መነጽር አያስፈልገውም።

"ሮማን። ይኼ አልተነካም።"

ሮማነወርቅ የጠረጴዛውን ላስቲክ በጨርቅ ታብስ ጀመር። ላስቲኩ ንጹሕ ነበር።

"ሮማን።"

"ከቀብሩ ማግሥት ጠዋት ተነሣሁ" አለች፣ ማበሷን ሳታቆም። "ውኃዬን ቀዳሁ። እንደ ሁልጊዜዬ፣ 'የይመርን ልዋጥ' አልኩ። አፌ ላይ ደረቀ። ሰውየውን ትናንት አፈር አልብሼ መጥቼ ዛሬ የሱን ልዋጥ?"

"የሱ አይደለም። ያንቺ ነው።"

"የይመር ብለው የጻፉበት እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ተክሌ ጽሑፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ለአንድ ሁለት ቀን ብዬ ነው የተውኩት" አለች። "እስከ ሠልስቱ። ከዚያ እስከ አርባው። ከዚያ ደግሞ እጄ እምቢ አለ። የሙት ድርሻ ነው እኮ፤ የሙት ድርሻ የሚበላ ምን ይባላል?"

"ሐኪሙስ? ትውጫለሽ ወይ አላለሽም?"

"ብሎኛል። 'ያ' አልኩት። ያ ለማለት ምን ይከብዳል?"

ጋሽ ተክሌ ፕላስተሩን ያዙና ላጡት። በትክክል አልተላጠም፤ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ወጣ፤ ከሥሩ የተፈቀደው ስም በግማሽ ተገለጠ። "በቃ" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ የይመር አይደለም። ስሙ የማለዳ ነው።"

ሮማነወርቅ ሕፃን እንደሚታይ አየቻቸው። "ጋሼ ተክሌ፣ ክርስትና ሁለቴ ይነሣል?"

"አይነሣም" አሉ፤ እውነት ስለሆነ።

የተላጠውን ፕላስተር ኪሳቸው ከተቱ። ያሳዘነቻቸው መስሏት ይሁን ራሷም አዝናላቸው፣ ሮማነወርቅ ብርጭቆ አነሣች። "እሺ። እርስዎ ካሉ ልዋጥልዎ። ሁለት ነው ያለኝ አይደል?" ሁለት ክኒኖች ከማሸጊያው ገፍታ መዳፏ ላይ አወጣች።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ተክሌ እጇን አፈፍ ያደረጓት። ሐኪሙ ሁለት ያደረሰው አንዷን ሳትውጥ "ያ" እያለችው ነው። ሁለቱን በየቀኑ ከዋጠች ደሟ እንደ ውኃ ይቀጥናል፤ ከውስጥ ትደማለች። ካልዋጠች ይረጋል፤ ያ ክረምት ይመለሳል።

"ታዲያ ልዋጥ ወይስ አልዋጥ?"

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሰው ሲጠይቃቸው የመለሱ ሰውዬ፣ የሚያውቁት እዚህ ድረስ ብቻ ነበር። "ልጅሽን እንጠይቅ" አሉ።

"ናይ። ናይ፣ ጋሼ ተክሌ። እናቴ ክኒን መዋጥ አቃታት ትልና ሲከየም የሚሉት የአረጋውያን ማቆያ ታስገባኛለች። እዚያ ያስገቧትን ወለተጊዮርጊስን አይተዋታል፤ በማንኪያ ድንች እያጎረሱ። በልጄ ፊት አያሳፍሩኝ።"

ጋሽ ተክሌ አልማሉላትም። ሁለቱን ክኒኖች ከመዳፏ ወስደው ከማሸጊያው ጎን አስቀመጡና፣ እስኪመለሱ ምንም እንዳትነካ ነግረዋት፣ ኮታቸውን ደረቡ።

መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ ገብተውበት ግን አያውቁም። የበሩ ልጅ ስማቸውን ጠየቀ። ተክለሃይማኖት ለእንግዳ መታወቂያው ረዘመ፤ ማሽኑ "ተክለ" ብሎ ተወው። ቤቱ ስም ላይ ሥልጣን እንዳለው ተነግሯቸዋል፤ አልተከራከሩም። ደረታቸው ላይ ሰክተው ተቀመጡ።

ማርያ በሩጫ ወረደች። ሽማግሌ ሰው ሳይጠራ መሥሪያ ቤት ከመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

"እማዬ ናት?"

"ደኅና ናት። እስካሁን።"

ቆመው ነገሯት፤ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ፣ ፕላስተሩን፣ ሐኪሙን፣ ሁለቱን ክኒኖች፣ የሲከየሙን ፍርሃት። ትጮህብኛለች ብለው ትከሻቸውን አዘጋጅተው ነበር። አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"አይቼዋለሁ እኮ" አለች። "ያን እሑድ። አየሁና ተውኩት። ሥራዬ ይሄ ሆኖ።"

"በትክክል እየዋጠች ነበር" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"ያ። ለዚህ ነው የተውኩት።"

ስልኳን አወጣች። የእናቷን ፋስትለጌ፣ የቤተሰቡን ሐኪም፣ እስክታገኝ ሦስት ሰው አለፈች። በኖርዌይኛ ስታወራ ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆነ፤ አጭርና ቀጥ ያለ። ዘጋችው።

"ወደ በፊቱ መልሶታል። አንድ። ዛሬውኑ። ነገ ጠዋት ደሟን ያየዋል።" ትንፋሿን ሳበች። "ግን መዋጥ አለባት፣ ጋሼ ተክሌ። ሐኪሙ እስካሁን ሳይመታት መቆየቷ ዕድል ነው አለ።"

"አትውጥም።"

"እኔ እነግራታለሁ። ትክክለኛ ስሙን እነግራታለሁ።"

"አንቺ የምትነግሪያት ስም ለሷ ስም አይደለም" አሉ። "የኔ ደግሞ ተቀብሯል።"

ማርያ አየቻቸው። "ታዲያ ማን ሲነግራት ነው እሺ የምትል?"

ጋሽ ተክሌ ያውቁ ነበር። ማወቃቸውን አልወደዱትም።

ጌጤ ከራስ እስከ እግሯ ከል ለብሳ በሩን ከፈተች። "ግባ፣ ተክሌ" አለች። ማርያን ሳመች። ሶፋው ላይ የይመር ቦታ ትራስ ተደርጎበት ነበር፤ ጋሽ ተክሌ ከሱ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ነገሩን ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

ጌጤ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

"ባሌን ክኒን ስታደርገው ጠየቅከኝ?"

"እሱን ጠየቅኩት።"

"እሱማ ምን ብትለው እሺ ይላል። መንገድ ላይ አስቁሞ ጫማህን ስጠኝ ላለው ይሰጥ የነበረ ሰው ነው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ሆስፒታል ተኝቶ ነርሷን፣ በስሜ የሚጠራ መድኃኒት አለ ይላታል። ልጅቷ ወደኔ ዞራ ሙያው ምንድን ነው አለችኝ። ፕሮፌሰር መስሏት።"

ማርያ ሳቀችና አፏን ያዘች። ጌጤ አልከፋትም፤ ራሷም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ፊቷ ተመለሰ።

"ደስ ብሎት ነበር፣ ተክሌ። እውነቱን ልንገርህ፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ነኝ ያልወደድኩት። ሰው በሄደበት አፍ ሁሉ ሲጠራ ደስ አይለኝም።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ይቅርታውን ሌላ ቀን። ሮማን ጨርሶ አቋረጠች?"

"ጨርሶ።"

ጌጤ ተነሥታ ካፖርቷን ደረበች።

ሲደርሱ ጨልሟል፤ ሰዓቱ ግን ገና ነው፤ በዚያ ወቅት ኦስሎ ሰው ከሥራ ሳይወጣ ይመሻል። ሮማነወርቅ ጌጤን በሯ ላይ ስታይ አለቀሰች፤ ጌጤም አለቀሰች፤ እንደ ደንቡ ተቃቅፈው ቆዩ። ልጇን ከኋላ ስታይ ግን እንባዋን ጠርጋ ጋሽ ተክሌን አንድ ጊዜ አየቻቸው። ያቺን አስተያየት ዕድሜ ልካቸውን ይዘዋት ይኖራሉ።

"ሲከየም አልወስድሽም፣ እማዬ" አለች ማርያ፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ማን እወስድሻለሁ አለሽ?"

ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጌጤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አነሣችው፤ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

"ሮማን፣ ስሚኝ። የይመርን ልብስ ላገር ልጆች ሰጠሁ። ጫማውን ለኣርኣያ። ክኒኑን በከረጢት አድርጌ አፖቴክ መለስኩት፤ ተቀበሉኝ፤ የሞተ ሰው መድኃኒት እነሱ ናቸው የሚያስወግዱት። ከይመር የተረፈ ክኒን በዚህ አገር የለም። ይሄ ያንቺ ነው።"

"ቅር አይልሽም?"

"ቅር የሚለኝ በሱ ሰበብ ሁለተኛ ለቅሶ ስታስቀምጭኝ ነው።"

ሮማነወርቅ አቀረቀረች።

"የኔ ከል ገና ነው" አለች ጌጤ። "ያንቺን ግን ዛሬ አውልቂ። ባለቤቲቱ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ።"

ሐዘንተኛ ከሉን በራሱ አያወልቅም፤ የሟች ቤተሰብ አውልቅ ሲለው ነው። ይህን ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ፤ ፕሪንስዳል የምትኖረውም ጭምር። ሮማነወርቅ እጇን ዘረጋች። ማርያ አንዷን ክኒን ከማሸጊያው ገፍታ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ጋሽ ተክሌ ውኃ ቀድተው ሰጧት፤ ሌላ የሚሠሩት ስላልነበራቸው።

ብርጭቆውን ወደ አፏ አቀረበችና መለሰችው።

"ምን ብዬ ልዋጠው?"

ማርያ አፏን ከፈተች፤ የተፈቀደው ስም እዚያው ፊት ለፊቷ ነበር። ጋሽ ተክሌም፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ አንድ ስም ምላሳቸው ላይ መጥቶ ነበር። ሁለቱም ተዉት።

"ምንም አትበይ" አለች ጌጤ።

ሮማነወርቅ ክኒኗን ጎረሰች። ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ሦስት ሰው የአንዲት አሮጊት ጉሮሮ ሲወጣና ሲወርድ ተመለከተ።

"ወረደ?" አለች ማርያ።

"ወረደ።"

ጌጤ ካፖርቷን ቆለፈች። "ነገም እመጣለሁ።"

"ነገ ደግሞ ለምን?"

"ነገም ስለምትውጪ።"